የኮምፒውተሩ ዋስ ማን ነው?

ጎጃም ውስጥ በሬ ሲገዛ የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ አይደለም። ሻጩ ማን ነው? የየት ቀዬ ሰው ነው? ዋሱስ? ቀንበር ሲጭኑበት የሚተኛ በሬ ገበያ ላይ ቆሞ ሲያዩት ዐመሉ አይታወቅምና አስተዋይ ገዢ ዋስ ሳይዝ ብሩን አይፈታም።

የእኅቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ይህ የበሬ ገበያ ሥርዓት ቤታችን ገባ። አባቱ ጎዛምን ውስጥ ገበሬ ነው። ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ላፕቶፕ ሊገዛለት ቆረጠ። የቀረው በሬ እንግዲህ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ነገሩ ቅንጦት አልነበረም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን የሚወስዱት በኮምፒውተር ነው።

ክርክሩ የተነሣው «ከየት ይገዛ?» በሚለው ላይ ነው። ልጁ «መርካቶ ምርጫው ሰፊ፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው» አለ። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ እናስመጣ ሲል፣ ሌላው የእኛ መብራት ያቃጥለዋል ብሎ ሰጋ። የአብዛኛው ላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይህስ አያሳስብም። እኔ ወደ መርካቶው አደላሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሲሰቀል አይተናልና፣ የጥቂት ሺህ ብር ልዩነት ለገበሬ ቀላል አይደለም።

አባትየው ሲያዳምጥ ቆይቶ «ዋሱ ማን ነው?» አለ።

«ሱቅ እኮ ነው አባ፤ ደረሰኝ ይሰጣል።»

«ቢበላሽሳ? ዓባይን ተሻግረህ ልትመልሰው ነው?»

ሳቅን። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ትክክል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሕጉ የሚጠቅመው ግን ሻጩ ዘንድ መድረስ ለሚችል ገዢ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሳፈሪያው፣ ማደሪያውና የሚያመልጠው ትምህርት ሲደመር የተረፈውን ብር ይበላዋል። ያገለገለ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ዐመለኛ በሬ ነው፤ ባትሪው መድከሙ፣ ሲሞቅ መጥፋቱ የሚታወቀው ከሰነበተ በኋላ ነው።

ጥቂት ጨምረን እዚያው ማርቆስ ገዛን። ቻርጀሩን ነቅለን ባትሪውን ፈተንን፤ የመለያ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጻፍን፤ የመመለሻ ጊዜውንም በጽሑፍ ተቀበልን። ልጁ አዲስ አበባ ተመድቦ ቢሆን ኖሮ ያው የአባቱ ጥያቄ መርካቶ ይወስደን ነበር። ሻጩ ተማሪው በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ሰው ይሁን፤ ዋስ ማለት ይኸው ነው።