ግልቢያና ሶምሶማ

ባለፈው ዓመት የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ከመጋረጃው ሥር ካለው አሮጌ ፒያኖ ፊት ተቀምጬ ሁለት ደቂቃ ያህል ስጫወት አይታችሁኛል። አጨብጭባችሁልኛልም። ከዚያች ምሽት ወዲህ በካፌ ሰልፍ ላይ «ማስትሮ፣ እለፍ!» እየተባልኩ ስንት ቀን ከፊት እንደተሰለፍኩ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ጭብጨባ ልመልስላችሁ ነው። ሁሉንም ባይሆን፣ ያልተገባኝን ያህል።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ፒያኖ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ክራር ነው፤ እሱንም ከጎረቤት ልጅ እየተዋስኩ ነው የለመድኩት። አምስት አውታር፣ አምስት ጣት፣ በቃ። ታዲያ አንድ ቀን አዳራሹ ክፍት ሆኖ አግኝቼው ስገባ፣ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፒያኖውን ሲጫወት ደረስኩ። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ቆሜ ቀረሁ። «ይህን ለመቻል ስንት ዓመት ፈጀብህ?» ብለው ከት ብሎ ሳቀ። «ና ቁጭ በል፤ ዛሬ ማታ ጀምረህ ትሄዳለህ» አለኝ።

ዘፈን የለው፣ ግጥም የለው፤ ባኅ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1722 ባጠናቀረው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ ያስቀመጠው ፕሪሉድ ነው። ምሥጢሩን ልንገራችሁ። ኖታው በቀጫጭን መስመሮች በ35 ክፍሎች ተከፋፍሏል። በያንዳንዱ ክፍል የምትነኩት አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ግራ እጅ ሁለቱን ይነካል፤ ቀኝ እጅ ሦስቱን ይቀጥልና እነዚያኑ ሦስቱን ይደግማቸዋል። ይኸው ሁለት ጊዜ ይባልና ወደሚቀጥለው ክፍል ይታለፋል። የመጀመሪያው ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ነው። ሁለተኛው ዶ፣ ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ። ሦስተኛው ሲ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ፋ። አራተኛው ተመልሶ የመጀመሪያው ነው። እስከ 32ኛው ክፍል ድረስ የእጁ ሥራ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ጣት የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ አይመቱም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። አምስት ድምፅ በተራ! ክራር ለደረደረ ሰው ይህ ምን ይገርመዋል? በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ኖታ ማንበብ ሳልችል፣ ቦታ ቦታውን በቃሌ ይዤ ጨረስኩት። እናንተ ያጨበጨባችሁት ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ኃጢአት የለብኝም። መጫወት መጫወት ነው፤ ቀላልም ቢሆን ሙዚቃው ያው ሙዚቃ ነው። ኃጢአቴ ከዚያ በኋላ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ቀን ቆይቶ ብቻዬን ስለማመድ አንድ ፍሬሽ ልጅ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ኮቱ ሰፍቶታል። እጁን ወደኋላ አጣምሮ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔም ይህን ልማረው እችል ይሆን?» አለኝ።

«ከዚህ በፊት ምን ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«ዋሽንት ብቻ ነው። እረኛ ሳለሁ የለመድኩት ነው።»

እዚያው አጠገቤ ላስቀምጠው እችል ነበር። እኔን ያስቀመጠኝ ሰው እንዳደረገው ማለቴ ነው። ግን እሱ በሦስት ሳምንት ከቻለው ማስትሮው ማን ሊሆን ነው? «ይሄ እኮ ሰባት ዓመት ይፈጃል» አልኩት። «ከልጅነት ካልተጀመረ ጣት አይታዘዝም።» ልጁ ፒያኖውን አየት፣ እኔን አየት አደረገ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ያች «እግዜር ይስጥልኝ» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በጥር እረፍት አገሬ ገባሁ። መቼም የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 በእንጅባራ እንደሚከበር ሳትሰሙ አትቀሩም። አጎቴ ፈረሰኛ ናቸው። ፈረሳቸው አጊጦ፣ እሳቸው ጎፈር የደፉ ይመስል ተጀንነው ሜዳውን በግልቢያ ሲያቋርጡት ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። ማታ ዳንግላ ተመልሰን እሳት ዳር ስንጫወት፣

«አያ፣ እንደዚያ ሲጋልቡ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«ግልቢያን? ግልቢያማ ምን አለው! ግልቢያ ላይ የሚሠራው ፈረሱ ነው፤ አንተ እንደ ታንኳ ተንሳፈህ መሄድ ነው። ፈረሰኛ የሚታወቀው በሶምሶማ ነው» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። በማግስቱ ጠዋት ራሳቸው ኮርቻ ላይ አወጡኝ። በሶምሶማው ጊዜ የደረሰብኝን አልነግራችሁም፤ ወገቤና ጥርሶቼ ያውቁታል። ፈረሱ ሲነሳ እኔ እወርዳለሁ፣ እኔ ስነሳ እሱ ይወርዳል፤ ስምምነት የለንም። ወደ ግልቢያ ሲያልፍ ግን ያ ሁሉ መንገጫገጭ በአንዴ ለሰለሰ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ ሰው የሚያጨበጭበው ለየትኛው ነው?»

«ለግልቢያው ነዋ! ሰው የሚያየው አቧራውን ነው።»

«ግልቢያው ቀላል መሆኑን ለሰው ይናገራሉ?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። እኔ ከደበቅሁት፣ እኔ ሳልፍ ማን ሊጋልብ ነው?» አሉና እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉት።

እሳቸው ስለ ፈረስ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና፣ የሸፈንኩት ነገር ቅጠሉን ዘርግቶ ታየኝ።

ስመለስ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። ለካስ አቧራው የሚበዛ ሙዚቃ ብዙ ነው! ቤትሆቨን በ1801 የደረሰውና «የጨረቃ ብርሃን» የሚባለው ሶናታ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያው ክፍል፣ ቀኝ እጅ ሦስት ሦስት ድምፅ እያደረገ በዝግታ ይደረድራል፤ ግራው ከሥር ከባድ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ስሙንም ያወጣለት እሱ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ ሌሎች ናቸው። የዚያው ሶናታ ሦስተኛ ክፍል ግን አውሎ ነፋስ ነው፤ እዚያ ላይ የልምድ ዓመታት ይጠየቃሉ። «ለኤሊዝ» የምትባለዋም እንዲሁ ናት፤ ሁሉም የሚያፏጫት መነሻዋ የጀማሪ ናት፣ መሀሏ ላይ ስትደርሱ ትጠጥራለች። ፈረንሳዊው ሳቲ በ1888 የጻፋት የመጀመሪያዋ «ዢምኖፔዲ» ደግሞ ከዝግታዋ የተነሳ ጣት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የምትፈልገው።

እነዚህን ሁሉ ከባድ የሚያስመስላቸው አንድ ዓይነት ዘዴ ነው። እጅ አንድ ሥራ ይይዝና ይደጋግመዋል፤ ጆሮ ግን ብዙ እጅ ይመስለዋል። ላዩ ላይ በቀኝ እግር በኩል ያለው ፔዳል ይጨመርበታል። እሱን ስትረግጡት አውታሮቹን የሚያፍኑት ቁራጮች ይነሳሉ፤ የነካችሁት ሁሉ ሳይሞት እርስ በርሱ ይደባለቃል። አምስቱ ድምፅ አምሳ ይመስላል።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ሌላ ነው። ጥቋቁሩን ቁልፎች ብቻ ንኩ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩት አምስት ናቸው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻ ብታደርጉ የትዝታ ቅኝት፣ ያ ሙሉው፣ ሜጀር የሚሉት፣ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ነጩን ካልነካችሁ አትሳሳቱም። ክራር የለመደ፣ ዋሽንት የነፋ ሰው ያን ዕለቱን የሚያውቀውን ዜማ ይለቅማል።

«ከልጅነት ካልተጀመረ» ያልኩትም ውሸት ሆኖ ተገኘ። ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ የለመደው ክራር ነው። ከፒያኖ የተገናኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያም ሶፍያ፣ ቡልጋርያ ሄዶ ተማረ። ስለ ባለዋሽንት እረኛ የደረሰው ሥራ አለው። ይህን ሳውቅ ያ ልጅ ዓይኔ ላይ መጣ።

እንዳትሳሳቱ፣ ሁሉም ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ሶምሶማውንም ሞክሬዋለሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታውቋቸው ይሆናል። በ1916 ዓ.ም ተወልደው፣ ግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖረው፣ በመጨረሻም በመጋቢት 2015 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ያረፉት ባለፒያኖ መነኩሲት። ሲሰሙት ጣት የሚበዛበት ሥራ አይደለም። «ይሄማ ሕፃን ይጫወተዋል» ብዬ ተቀመጥኩ። ድምፆቹን አገኘኋቸው። ጊዜያቸውን ግን ላገኘው አልቻልኩም! በእግር የሚቆጠር አይደለም፤ ይቆያል፣ ያመነታል፣ ድንገት ይፈጥናል፣ ሰው ሲያወራ እንደሚያደርገው። እኔ ስነሳ እሱ ይወርዳል። አንድ ወር ሙሉ ታግዬ እስካሁን ኮርቻው ላይ አልተቀመጥኩም። ይህን ብጫወትላችሁ እንደዚያች ምሽት የምታጨበጭቡ አይመስለኝም። አቧራ የለውማ።

እንግዲህ ማስትሮ አይደለሁም። አንድ ፕሪሉድ የሚችል የዳንግላ ልጅ ነኝ። ከነገ ጀምሮ በካፌ ሰልፍ ከኋላ ነኝ።

አንተ ልጅ፣ ስምህን አልጠየቅሁህም። በግቢው ፈልጌህ ነበር፤ ፍሬሽ ሁሉ ኮት ለባሽ ሆነና አጣሁህ። ይህ ወረቀት እጅህ ከገባ ሰባት ዓመት ያልኩህ ሦስት ሳምንት ነው። ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ አዳራሹ ክፍት ነው፤ ዘበኛውን አነጋግሬዋለሁ። ወንበሩ ለሁለት ይበቃል። ዋሽንትህንም ይዘህ ና።