የአማቴ ምርኩዝ

ያዕቆብ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ በረከቱን ተቀብሎ ሲሄድ እያነከሰ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዘፍጥረት 32 ላይ ያለውን «ሹልዳ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤ እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሉ የገባኝ አማቴ ወድቀው ዳሌያቸው በተሰበረ ጊዜ ነው።

ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እማማ ጉልበታቸውን የጨረሱትም በዚሁ ዳገት ነው። ባለቤቴና እህቶቹ ያደጉት እናታቸው ከእንጦጦ በጀርባቸው እያወረዱ በሸጡት ጭራሮና ቅጠል ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ስንቱን የአዲስ አበባ ምጣድ አሙቋል! ከዚያ ከፍታ ያወረደው ግን የእናቶች ጀርባ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ጎረቤቶቻችን ለሽርሽር ሲወጡ አይተው «ሰው ደግሞ በገንዘቡ ዳገት ይወጣል?» ብለው ሲስቁ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ ጭቃ፣ በ68 ዓመታቸው፣ ያን ሁሉ ዘመን ዳገቱ ያልጣላቸው ሴት በገዛ ግቢያችን፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ፣ ከቆሙበት ተንሸራትተው ወደቁ። መነሣት አቃታቸው። ቀኝ እግራቸው ከግራው ያጠረ መሰለ፤ መርገጫቸውም ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። እነዚህን ሁለት ምልክቶች እባካችሁ ልብ በሉ። ያን ጊዜ ብናውቃቸው ኖሮ ዘጠኝ ቀን ባላባከንን ነበር።

ጎረቤት «ውልቃት ነው» አለ፤ ወጌሻ ተጠራ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሰፈራችን የስንቱን ልጅ ክንድ ያቃና ሰው ነው። የዳሌ ስብራት ግን በወፍራም ጡንቻ ተሸፍኖ የተቀመጠ ስለሆነ በእጅ ዳብሶ የሚደርስበት የለም። በቅቤ አሸ፣ ጎተተ፤ እማማ ጮኹ። የጸሎት ቡድናችን እህቶችም መጥተው ጸለዩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን አብሬ እየጸለይኩ «ራጅ ይነሡ» ማለቱን ለሌላ ሰው ተውኩት። ምራት ነኛ! በአማት ጉዳይ ቀድሞ አፍ መክፈት ይከብዳል። ዛሬም ይቆረቁረኛል።

በዘጠነኛው ቀን ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አስረዳን። የጭን አጥንት ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ጫፉ ላይ ኳስ የመሰለ ራስ አለው፤ ያ ኳስ በዳሌ አጥንት ውስጥ እንደ ጽዋ በጎደጎደ ቦታ ይገባል። ትከሻም ኳስና ጽዋ ነው፤ ግን የትከሻው ጽዋ ጥልቀት ስለሌለው ክንዳችን እንደ ልቡ ይዞራል። ዳሌ ሰውነትን የሚሸከም ነውና ጠልቆ ተቀምጧል። ኳሱን ከጭኑ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን አንገት ነው፤ የእማማ ስብራት እዚያ ላይ ነበር። ለኳሱ ደም የሚያደርሱት ዋነኞቹ ሥሮች ደግሞ በዚያው አንገት ላይ ነው የሚወጡት። አንገቱ ተሰብሮ ሲላቀቅ ሥሮቹ ሊበጠሱ፣ ኳሱም ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በእርሳቸው ዕድሜ ኳሱን አውጥቶ በብረት ኳስ መተካት እንደሚሻል ነገረን።

«ያ ሁሉ እንጨት ነው የሰበረኝ?» ብለው ጠየቁት።

«አይደለም እናቴ» አላቸው። ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ አጥንቷ እየሳሳ እንደሚሄድ፣ ለሳሳ አጥንት ደግሞ ከቁመት ላይ መውደቅ ብቻ እንደሚበቃው አስረዳቸው።

ቤተ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ወገኖች አዋጥተው ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ጌታ ይመስገን። እውነተኛው ፈተናችን ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በማግስቱ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥታ እማማን በመራመጃ ብረት ደግፋ አስቆመቻቸው። ባለቤቴ ሊጣላት ምንም አልቀረውም።

ቤት ስንመለስ የተሰጠንን መመሪያ እኔ ያዝኩት። እማማ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ከፍ ብሎ እንዳይቀመጡ፣ እግራቸውን እንዳያነባብሩ፣ የተሠራውን እግር ወደ ውስጥ እንዳያዞሩ ተነግሮናል። (ትእዛዙ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ስለሚለያይ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።) ይህ ማለት በአበሻ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ቡና የሚፈላው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው፤ መጸዳጃው ቁጢጥ ተብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው አጎንብሶ ነው። ወንበር ወጥቶ የእንጨት መቀመጫ ተሠራበት፤ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። የከበደው ማስነሣቱ ነው።

እኔ በቀን ሦስቴ «ይነሡ እማማ» እላለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ እናቱን አቅፎ ወደ መጸዳጃ ይወስዳል፤ ምግባቸውን አልጋቸው ድረስ ያመጣል፤ እንቅስቃሴውን «ነገ ይደርሳል» ይላል። ጠያቂ ዘመዶችም «ምራቷ እረፍት ነሳቻት» ማለት ጀመሩ። አንድ ማታ «እናቴን ልትገድያት ነው?» አለኝ። «አንተ ነህ በአልጋ የምትገድላቸው» አልኩት። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አብረን አልጸለይንም። ባለትዳሮች የሆናችሁ፣ ይህ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በቀጠሮው ቀን ለባለሙያዋ ነገርኳት። ባለቤቴን አልገሠጸችውም። «ወንድሜ፣ በአንድ እግርህ ቁም» አለችው። ቆመ። «አሁን እጅህን በቆምክበት እግር በኩል ዳሌህ ጎን ላይ አድርግ።» እናንተም ተነሥታችሁ ሞክሩት፤ ከእጃችሁ ሥር አንድ ጡንቻ ድርቅ ሲል ይሰማችኋል። ወገባችን ወደ ተነሣው እግር እንዳይወድቅ የሚይዘው ያ ጡንቻ ነው። እርሱ በሚስበው ኃይል የተነሣ በአንድ እግር ስንቆም የዳሌያችን ኳስ የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። «የእናትህ ይህ ጡንቻ ተኝተው በዋሉበት ቀን ሁሉ እየሟሸሸ ነው» አለችው። «ደም እግር ውስጥ ይረጋል፣ ሳንባ ይታመማል፣ ጀርባ ይቆስላል። አረጋውያንን ከስብራቱ ይልቅ አልጋው ነው የሚጎዳቸው። አንተ በፍቅር ስታቅፋቸው ሥራውን የሚሠራው ያንተ ጡንቻ ነው።»

ባለቤቴ መልስ አልሰጠም። በመንገድ ላይም ዝም እንዳለ ነበር። በማግስቱ ግን በ12 ሰዓት ተነሥቶ ከእማማ አልጋ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። እማማ የአልጋውን ራስጌ ይዘው የተሠራውን እግር ወደ ጎን ያነሣሉ፤ እርሱ «አራት… አምስት…» እያለ ይቆጥራል። በየማለዳው አሥር አሥር። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ እርሱ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል እንጂ አያስቆማቸውም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ማታ ግን አብረን ጸለይን።

ከመራመጃው ብረት ወደ ምርኩዝ ሲያልፉ ሌላ ክርክር ተነሣ። ስብራቱ በቀኝ ነውና ሁላችንም ምርኩዙን በቀኝ እጃቸው አስያዝናቸው። ባለሙያዋ ወደ ግራ አዛወረችው። «የታመመው በዚህ፣ ምርኩዙ በዚያ?» ብለን ተገረምን። በቀኝ እግር ሲቆሙ ወገብ የሚወድቀው ወደ ግራ ነው፤ ምርኩዙ በግራ ሲሆን ወገቡን ደግፎ የታመመውን ጡንቻ ያሳርፈዋል፤ ኳሱም ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። እኛ ገና ስናሰላስል እማማ ቀደሙን። «ሸክሙ ባዘነበለበት በኩል ነዋ የሚደገፈው!» አሉ። በዳገት ላይ እንጨት የተሸከመ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰላቸውም። እማማ ሌሊት 10 ሰዓት ተንበርክከው የሚጸልዩ ሴት ነበሩ። «መቼ ነው የምንበረከከው?» ብለው በየቀጠሮው ይጠይቁ ነበር። ባለሙያዋ ከወራት በኋላ ቀስ ብለው ሊሞክሩት እንደሚችሉ ነገረቻቸው፤ እርሳቸው ግን ፈሩ። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣ ምርኩዛቸው ላይ በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ በጨለማው ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ጠዋት ሳነሣባቸው «ያዕቆብም ሲያረጅ በዘንጉ ተደግፎ ነው የሰገደው» አሉኝ። እውነትም ዕብራውያን 11 ላይ አለ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አንድ ዳሌያቸውን የሚያማቸው አባት ምርኩዛቸውን በታመመው በኩል ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ እማማ አዩአቸው። ክንዴን ለቀቁና «ጋሼ፣ በዚያኛው እጅዎ ይያዙት!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

እማማ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ምራቴ ናታ!»