ለማን ነው የምንናገረው?

በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሀደት በሚገኘው የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሕክምና የምንማር የስኮላርሺፕ ተማሪዎች እንደመሆናችን፣ የበሽተኛን ታሪክ በፈረንሳይኛ አጠናቅሮ በመምህራን ፊት ማቅረብ የዘወትር ሥራችን ነው። የመምህሩን ጥያቄ እስከመለስን ድረስ መናገር የምንችል ይመስለን ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ግን አለመቻላችንን ተረዳን። ይህን ግለ ሂስ ለኅብረቱ አባላት የምናቀርበው ሌላው ጓዳችን ስሕተታችንን እንዳይደግመው ነው።

በቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እኅቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው በሚሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ ስለ ጽዳት ኬሚካሎች አደጋ እንድንናገር ተጠየቅን። ጉዳዩ ከባድ ነው። በረኪና ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1915 በቤልጅግ ኢፕር ግንባር የለቀቀው መርዝ ይኸው ጋዝ ነው። ሁለት ሳምንት ተዘጋጅተን ሃያ ሁለት ስላይድ ሠራን። «የመተንፈሻ አካላት ብግነት» እያልን፣ ዐይናችንን ከወረቀቱ ሳንነቅል አርባ ደቂቃ አነበብን። አንዳንዶቹ አንቀላፉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ ወንበር ላይ አረፍ ያለ ሰው ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም።

«ጥያቄ አለ?» አልን። ዝም ተባለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ እናት ተነሡ።

«ልጆቼ ተባረኩ፣ ደክማችኋል። ግን ማዳም አጠገቤ ቆማ ‹ሁለቱን ቀላቅለሽ እጠቢ› ስትለኝ ምን ልበላት?»

መልስ አልነበረንም። የክሎሪንን ጠባይ እናውቃለን፤ በዚያ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ማን ማንን እንደሚያዝ ግን አላሰብንበትም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ እንዳደረገ እያወቅን፣ «አትቀላቅሉ» ብለን ልንሄድ ነበር። በገዛ ቋንቋችን ተናግረን አስተርጓሚ የሚያስፈልገን ሆነን ተገኘን።

ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ የያዝነው ሁለት ባዶ ጠርሙስ ብቻ ነበር። አስቀድመን እኛ ጠየቅን፦ በምን ታጸዳላችሁ? መስኮት አለው? ሳል ሲይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አዳራሹ ሞቀ። የእናታችንን ጥያቄ የመለሰችው ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ናት። «እኔ ‹ማዳም፣ ሃይዳ ኸጠር ዐልውላድ› እላታለሁ» አለች፤ ይህ ለልጆቹ አደጋ ነው ማለት ነው። «ለእኔ ብዬ ስነግራት አልሰማችኝም፤ ለልጆቿ ስል ጠርሙሱን ራሷ አነሣችው።» ሁሉም እየሳቁ ደጋግመው አሉት። እኛ የጨመርነው ጥቂት ነው፦ ሽታው ከነካችሁ ዕቃውን ላንሣ ሳትሉ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ ትንፋሽ ካጠረ በ140 የሊባኖስ ቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ። ያን ዕለት ያንቀላፋ አልነበረም።

ነገሩ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ነበር። ያ ታላቅ ምርምር የተነሣው ከልብስ አጣቢዎች እጅ ሥር ነው። እኛ ግን አጣቢዎቹን ፊታችን አስቀምጠን ወረቀት እናነብላቸው ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ያገኘነው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ንግግር ከመጻፉ በፊት ሰሚው ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ሰሚው ቤቱ ይዞት የሚሄደው አንድ ነገር ይኑር፤ ሃያ ሁለት ስላይድ ማንም ተሸክሞ አይሄድም። ሦስተኛ፣ «አታድርጉ» የምንል ከሆነ፣ እንዴት እምቢ እንደሚባል አብረን እንፈልግ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ደም ማነስ እንድንናገር ተጠይቀናል። እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍንም፤ ጥያቄ እየሰበሰብን ነው።