አንዱን እግር ንቀል

ያለፈውን ክረምት ያሳለፍኩት አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለችው የአጎቴ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። «ጋዜጠኝነትንና የሬዲዮ ጥገናን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ የምትሆን ሳንቲም ፍለጋ ነበር። ይዤ የተመለስኩት ግን አንድ ጥፋትና ከጥፋቱ የተማርኩትን ነው።

አጎቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ ዳዮድ መለካት ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ አሳልፎ በሌላው የሚከለክል፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሬዲዮ የሚፈልገው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ዝቅ ካደረገው በኋላ እርስ በርስ የተያያዙ 4 ዳዮዶች ተቀብለው አቅጣጫውን ያስይዙታል።

አለካኩ ቀላል ነው። ሬዲዮውን ከሶኬት ትነቅላለህ፤ ትልቁ ካፓሲተር ያጠራቀመውን እስኪጨርስ ትጠብቃለህ፤ ቴስተሩን የዳዮድ ምልክት ላይ ታደርጋለህ። ጥቁሩን ጫፍ ቀለበት ባለበት እግር፣ ቀዩን በሌላው እግር ስታስነካ ጤነኛ የሲሊከን ዳዮድ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያህል ያሳይሃል። ጫፎቹን ስትገለብጣቸው ደግሞ መዝጋት አለበት፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ ቴስተር «1» ብቻ፣ አንዳንዱ «ኦ ኤል» ይላል። በሁለቱም በኩል ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሾርት አድርጓል፤ በሁለቱም ከዘጋ ውስጡ ተበጥሷል ማለት ነው።

«በሁለቱም በኩል ሳትጠይቀው አትፍረድበት» ይለኝ ነበር አጎቴ። እኔም በጣም ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ መምህራኖቻችን ስለ ሚዛናዊነት የሚነግሩን ይኸው አይደል? በሳምንቱ ራሴን እንደ ባለሙያ ቆጠርኩት።

አንድ ቀን አጎቴ ዕቃ ሊገዛ መርካቶ ወርዶ ሳለ አንዲት እናት ሬዲዮአቸውን ታቅፈው መጡ። ከሦስት ቀን በፊት የአጎቴ ረዳት የሆነው ልጅ አንድ ዳዮድ ቀይሮ የሰጣቸው ሬዲዮ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድርግም አለባቸው። ልጁ ከእኔ በ4 ዓመት ያንሳል፤ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ሬዲዮውን ተቀብዬ ከፈትኩት። ፊውዙ ተቃጥሏል። ዳዮዶቹን በሁለቱም በኩል ለካሁ። ሁለቱ ጤነኛ ናቸው። ሁለቱ ግን ወዲያም ወዲህም ጢጥ ይላሉ፤ ከእነሱ አንደኛው ያ ልጁ የቀየረው አዲሱ ዳዮድ ነው።

በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የልጁ ነው። የማይረባ ዕቃ አስገብቶ ጎረቤቱንም አቃጠለው» አልኳቸው። ሁለት ደንበኞችም ቆመው ይሰሙ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

አጎቴ ሲመጣ እየተኩራራሁ ነገርኩት።

«ነቅለህ ነው የለካኸው?» አለኝ።

«በሁለቱም በኩል ለክቻለሁ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ነቅለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

ሊዱን አቅልጦ የልጁን ዳዮድ አንድ እግር ከቦርዱ አነሳና ለካው፤ 0.58። ገለበጠው፤ ዘጋ። ጤነኛ ነው! ሾርት ያደረገው አሮጌው ጎረቤቱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ዳዮዶች በአንድ ጫፍ እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ያገናኛቸዋል። የዚያ ሽቦ ተቃውሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቴስተሩ ጤነኛውን ሲለካ በጓሮ ዞሮ የታመመውን ነው የሚያገኘው። ሁለት ጥፋተኛ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የአንዱን ጥፋት ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ልጁን ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ስትናገር ሰው ነበር፤ አሁን ሰው የለም» አለኝ። ምን ልመልስለት? በማግስቱ ሱቁ ሰው ሲሞላ ጠብቄ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የተጠገነውን ሬዲዮ ተሸክሜም ሴትየዋ ቤት ሄድኩና መሳሳቴን ነገርኳቸው። «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁት! አሁን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዕቃዬን ያ ልጅ እንዳይነካብኝ» የሚሉ ሰዎች ይመጡ ነበር። እኔ በማስተባብልበት ጊዜ ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ያፍተለትል ነበር። የሐሜቱን ያህል ሩቅ የሄደ እርማት አላየሁም።

በዚህ ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ ዜና ስሠራ ሁለት ተማሪዎች ስለ አንድ ሠራተኛ ተመሳሳይ ነገር ነገሩኝ። ሁለት ምንጭ አገኘሁ፤ የተከሰሰውንም ሰው አነጋገርኩ፤ እሱ ካደ። እንደ ደንቡ ከሆነ ዜናው ተሟልቷል፤ ሁለቱም ወገን ተጠይቋል። እኔ ግን ያቺ ጢጥ የምትል ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣችብኝ። ተመልሼ ሁለቱን ለየብቻ «አንተ ራስህ አይተሃል? ማን ነገረህ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዳቸውም አላዩም። ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ነው። ዜናውን ተውኩት፤ ሌላ ርዕስ ፈልጌ በጥድፊያ የሠራሁት ደግሞ ጥሩ ውጤት አላመጣልኝም። ቅር አላለኝም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ነገ ማይክራፎን ስንይዝ የሰውን ስም ነው የምንይዘው። ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ከመፍረዳችን በፊት ምንጮቻችን በጓሮ በአንድ ሽቦ የተያያዙ አለመሆናቸውን፣ አንዱን እግር ነቅለን እንይ።