ፊደል ሥዕል ሲሆን

ቀድሞ አማርኛ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ ሥዕል ሆኖ ነበር የሚወጣው። ፎንቱ አንባቢው ዘንድ ከሌለ ፊደሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናልና። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የጋራ ቁጥር ሰጠው፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ባለፈው ሰሞን ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ የኮምፒውተር ጸሐፊ የአያቴን የሙት ዓመት ጥሪ በሚያምር ፎንት ጽፎ ወደ ሥዕል ለወጠልኝ።

«የትም ብትልከው መልኩ አይለወጥም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ጽሑፉንም ጨምሬ ወሰድኩ። ፎንት የፊደሉን ዙሪያ መስመር ስለሚይዝ ቢያሰፉት አይሻክርም፤ ይህ ሥዕል ግን የነጥቦች ጥርቅም ነው፣ ሲሰፋ ይሸራረፋል። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ እንደ ጽሑፍ አይቆጥረውምና ስም ቢፈልጉበት አይገኝም። አያቴ ደግሞ ነገ በስሟ ስትፈለግ እንድትገኝ እወዳለሁ።