የኮጃ ሙራድ ጭነት

ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርዱ ከነበሩት የሲራራ መንገዶች አንዱ ወገራን አቋርጦ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላው ይዘልቅ ነበር። መንገድ የነጋዴን ዱካ አያኖርም፤ የአንዱን ክረምት ኮቴ የሌላው ክረምት ዝናብ ያጥበዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን ለጎንደር ነገሥታት ይነግድ የነበረው የኮጃ ሙራድ ሕይወትም በይበልጥ የሚታየው ከባሕር ማዶ፣ ባዕዳን በጻፉት ወረቀት ላይ ነው።

ሙራድ አርመናዊ ነበር፤ የተወለደውም ያገባውም በሐለብ ነው። በየዓመቱ የንጉሠ ነገሥቱን ገጸ በረከት ይዞ ወደ ሞካ ይሻገር፣ ለእንግሊዝና ለሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያዎች ወኪሎች ያስረክብ፣ የእነርሱንም ስጦታ ወደ ጎንደር ይመልስ እንደ ነበር ፈረንሳዊው ሐኪም በርንዬ ይነግረናል። ከአፄ ፋሲል በኋላ አፄ ዮሐንስንና አፄ ኢያሱን አገልግሏል፤ እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ተጉዟል። ሆላንዳዊው ምሁር ቫን ዶንዘል ጉዞዎቹን የሚመለከቱትን ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትሟል።

ከሁሉ የሚደንቀው ለህንዱ ንጉሥ ለአውራንግዜብ የተላከው ጭነት ነው። በርንዬ እንደ ዘረዘረው፣ 25 ምርጥ ባሮች፣ 15 ፈረሶች፣ ቆዳዋ ዥንጉርጉር የሆነ አንዲት ትንሽ በቅሎ፣ ሁለት ታላላቅ የዝሆን ጥርሶች፣ ዝባድ የተሞላበትም የበሬ ቀንድ ነበረ። ለስንቅና ለመጓጓዣ ደግሞ በሞካ የሚሸጡ 32 ሕፃናት፣ ወንዶችና ሴቶች፣ ተጨምረዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1664 የማራታው ሺቫጂ የሱራትን ከተማ ዘረፈ። የመልእክተኞቹ ማረፊያ ተቃጠለ። የተረፈላቸው ደብዳቤያቸው፣ ዘራፊው ያልፈለገው ልብሳቸው፣ የሞተችው በቅሎ ቆዳ፣ ዝባዱ የተቀዳበት ባዶ ቀንድና በሕመማቸው ምክንያት ያልተወሰዱ ጥቂት ባሮች ነበሩ። ክፉ አፍ ያላቸው የከተማዋ ሰዎች ግን፣ ያን የመሰለ መናኛ ስጦታ ከማቅረብ ዘረፋው አዳናቸው እያሉ ተሳለቁ።

ባለታሪካችን ከዚህ ሁሉ ተርፎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1700 በእንፍራዝ ቤቱ ያረፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ዕድሜውን 104 ያደርሰዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በአክብሮት «ባባ ሙራድ» ይሉት እንደ ነበር ጽፏል።

ለነጋዴው ስምም፣ ማዕረግም፣ ሽምግልናም ተጻፈለት። የቀንዱ ዝባድና የበቅሎዋ ቆዳ እንኳ ዕጣቸው ይታወቃል። 32ቱ ሕፃናት ግን በቁጥር ብቻ ቀሩ፤ የማን ልጆች እንደ ነበሩ፣ ማን እንዳለቀሰላቸው አልተጻፈም። መዝገብ ዋጋ ያለውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ ሰው ዕቃ በሆነበት ዘመን ደግሞ ሰውን ከዕቃው ጋር ይቆጥራል። ዛሬ ያን መዝገብ የምናነብ ሁሉ፣ ከሙራድ ስም በፊት በዚያ ቁጥር ላይ ጥቂት ልንቆም ይገባናል።