ገመዱ በምን ላይ ታሰረ?

አንባቢ ሆይ፥ ሮቤ ከተማን የሚያውቋት ከሆነ፥ በመንገድ ዳር የሚሠራውን ፎቅና በዙሪያው የቆመውን የባሕር ዛፍ አጣና ርብራብ ሳያዩ አላለፉም። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሥሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ፤ ቀና ብዬ የማየው ግን ሲሚንቶ በልብሴ ላይ እንዳይንጠባጠብብኝ ብቻ ነበር። ዛሬ ቀና የምለው ለሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ልንገርዎና ይፍረዱኝ።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ባለፈው ዓመት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የሚወድቅ አካልን ሕግ ሳስረዳ፥ በሰሌዳው ላይ አንድ ፎቅ ሣልሁና «ከ10 ሜትር ከፍታ አንድ ድንጋይ ቢለቀቅ» ብዬ ጀመርሁ። ድንጋዩ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ ሳይሞላው መሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፥ «ጋሼ፥ ድንጋይ ብቻ ነው እንዴ?» ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። ቅዳሜና እሑድ ከአጣናው ላይ ሆኖ ለግንበኞች ሲሚንቶ እያቀበለ የቤት ኪራዩን የሚከፍል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ባሌ፥ እንደሚያውቁት፥ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጎበኘው አገር ነው፤ የተከራየሁት ቤት ጣራም ማፍሰስ ጀመረ። አናጢ መጥራት ለአንድ መምህር ደመወዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያንኑ ልጅ ለመንሁት፤ እሺ አለ። የጣራው ጠርዝ ቢበዛ ሦስት ሜትር ነው። ሦስት ሜትርን ደግሞ ማን ከፍታ ይለዋል! መሰላሉን ይዤለት ቆይቼ፥ ስልኬ ሲጮኽ ለቅቄ ወደ ቤት ገባሁ። ነፋስ የፈታውን ቆርቆሮ ከነልጁ ሲያንሸራትተው የሰማሁት ከውስጥ ሆኜ ነው። ስወጣ ክንዱ ተሰብሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፥ ቆርቆሮው ታጠፈ?» የሚል ነበር።

ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጁን ይዤ ሆስፒታል እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ ስሌት ስሠራ ነበር፤ መምህርነት ክፉ አመል ነው። ሦስት ሜትር፥ ከአንድ ሰከንድ በታች፥ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ባጃጅ ግድግዳ ሲመታ «ትንሽ ነገር ነው» የሚል የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድሁ። መንገዱ ከጎባ ወጥቶ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ፥ ሪራን አልፎ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ሰውዬው በረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ንብ አናቢ ናቸው። በምችላት ኦሮምኛ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ባርሲሳ፥ ገመዱን በምን ላይ አስረህለት ነበር?» አሉኝ። ገመድ አልነበረም። ይህን ስመልስ ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። ይልቁንም ያሳፈረኝ አለመቆጣታቸው ነው። ተነሥተው የራሳቸውን ገመድ አመጡና አሳዩኝ። ገመዱ ግንዱንና ወገባቸውን አንድ ላይ ይከባል። መጀመሪያ ገመዱን ወደ ላይ ይገፉታል፥ ቀጥሎ እግራቸውን ያነሣሉ፤ ገመዱ ሳይወጠር እጃቸው ግንዱን አይለቅም። ቅርንጫፍ ላይ ከማሰራቸው በፊት ደግሞ በመጥረቢያ ጀርባ መትተው ያዳምጡታል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይለያል አሉኝ።

ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ይህን አያደንቅም። ወደ ገዳሙ 15 ሜትር ያህል የሚሆነው ገደል የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ሁለተኛ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርለታል፥ ጫፉንም ከላይ ያለ ሰው ይይዘዋል። አንዱ መውጫ፥ ሁለተኛው አለመውደቂያ ነው። ከዛፍና ከገደል ወደ ፎቅ ስንሸጋገር ሁለተኛውን ገመድ የት እንደ ጣልነው እንጃ።

ሮቤ ተመልሼ ስለ ዘመናዊው ቀበቶ ማንበብ ያዝሁ። በወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ የሚወድቀውን ሰው ሲያቆም ሆድና አከርካሪ ስለሚጎዳ፥ አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ሥራ ከልክላዋለች። የሚታዘዘው ትከሻን፥ ደረትንና ጭንን አንድ ላይ የሚይዘው ነው፤ ገመዱም ከጀርባ ይያያዛል። ገመዱ ራሱ ተራ ገመድ አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለት ሜትር ወድቆ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ የሚያርፍበት ኀይል ከ12 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ስንዴ ሲጫንና ሲራገፍ ለሚውልበት ለሮቤ ሰው 12 ኩንታል ምን እንደ ሆነ አይነገረውም። ስለዚህ በገመዱ ላይ ተጣጥፎ የተሰፋ ጨርቅ አለ፤ ሰው ሲወድቅ ስፌቱ እየተተረተረ ያበርደዋል፤ በአውሮፓ ደረጃ ኀይሉ ከ6 ኩንታል ገደማ እንዲያልፍ አይፈቀድም።

ግን ልብ ይበሉ፤ የገመዱ ርዝመት፥ የተተረተረው ጨርቅና የሰውዬው ቁመት ሲደመር ከሥር ስድስት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ ይህን የታጠቀ ሰው ቢወድቅ፥ ከገመዱ በፊት መሬት ያቆመዋል ማለት ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው በርብራቡ ጠርዝ ላይ የተመታ መከልከያና የማይወላገድ መረማመጃ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት አጣናና ምስማር ነው። ለእኔ ጣራማ እስከ ጠርዙ የማያደርስ አጭር ገመድ፥ ከጠንካራ ነገር ጋር ቢታሰር፥ ይበቃው ነበር።

ሕግም አልጎደለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። ይህንኑ ለአንድ ፎርማን ባነብለት፥ «መምህር፥ ቀበቶ ሥራ ያጓትታል» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩን ጠጣሁ፤ ከዚያ በላይ የምለው አላገኘሁም። ከሰው ጣራ ላይ ልጅ የጣልሁ እኔ ምን አፍ አለኝ?

ልጁ ክንዱ ድኖ ወደ አጣናው ተመልሷል፤ ኪራይ አይጠብቅም። አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ገንዘብ ልኬ ሙሉውን ቀበቶ ከነማሰሪያው አስገዛሁለት። ጣራዬ ገና ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አየሁት። ቀበቶውን ታጥቋል፤ መንጠቆውን ግን ያያያዘው በሲባጎ በታሰረ አጣና ላይ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ክፍል ውስጥ በምጮኸው ድምፅ ጮህሁ፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየኝ። ልጁ ወደ ታች ተመለከተኝና አጣናውን በጡጫው መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያም ማሰሪያውን በኮንክሪቱ ምሰሶ ዙሪያ አዙሮ መንጠቆውን በዚያ ላይ ቆለፈ። ከአጠገቡ የሚለስኑት ሁለት ግንበኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩት ነበር። እነርሱ ምንም አልታጠቁም፤ ገንዘቤ የበቃው ለአንድ ነው።